ቀኑ አልፏል፤ ምግቡስ?

ለእንቁጣጣሽ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥንና ፍሪጁን ስናራግፍ አራት ነገሮች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ቀኑ ካለፈ ሦስት ወር የሆነው የቱና ቆርቆሮ፣ ስምንት ወር ያለፈው ፓስታ፣ ገና ሁለት ቀን የሚቀረው የላስቲክ ወተት፣ እና እህቴ ለፋሲካ ከልጇ ጋር መጥታ ስትመለስ ትታው የሄደችው የተከፈተ የሕፃን ዱቄት ወተት። የዱቄቱ ቀን ለማለፍ ገና አምስት ወር ነበረው። እናቴ «እህል እንዴት ይጣላል?» ብላ አራቱንም ወደየቦታቸው ልትመልስ ተነሣች። ባለቤቴ ደግሞ ቱናውንና ፓስታውን ፌስታል ውስጥ ከታ፣ ቀናቸው ያላለፈውን ሁለቱን ለየች። እኔ ተቃራኒውን አደረግሁ። ቱናውንና ፓስታውን አስቀርቼ ሁለቱን ወተቶች ጣልሁ። እስከ ማታ ድረስ የማይጠፋ ክርክር ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው ቀኑ ራሱ ምን እንደሚል ካለማጣራት ነው። ሱቅም ቤትም ያለን አነጋገር አንድ ነው፤ «ኤክስፓየር አድርጓል» እንላለን፣ በዚያው ያበቃል። ማሸጊያ ላይ የሚታተሙት ቃላት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ። «ቤስት ቢፎር» አምራቹ ስለ ጣዕም፣ ስለ መዓዛና ስለ መልክ የሚገባው ቃል ነው። ብስኩቱ እስከዚህ ቀን ድረስ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ወዲያ ሊለሰልስ ይችላል ይላል እንጂ ይመርዛል አይልም። «ዩዝ ባይ» ግን የደኅንነት ቃል ነው። ቶሎ በሚበላሹ፣ ቅዝቃዜ በሚፈልጉ ምግቦች ላይ ይጻፋል፤ ቀኑ ካለፈ ምግቡ አይበላም። የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ2018 የገላጭ ጽሑፍ ደረጃውን ሲያሻሽል ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግም ዩዝ ባይ ያለፈበት ምግብ ደኅንነቱ እንዳልተጠበቀ ይቆጠራል።

ብዙ ዘመድ ባለን በአሜሪካ ደግሞ ከሕፃናት ወተት በቀር ምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። እዚያ «ሴል ባይ» የሚባል ሦስተኛ ቃልም አለ። እሱ ባለ ሱቁ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ የሚያቆይበትን ጊዜ የሚያውቅበት እንጂ ለበላተኛው የተጻፈ አይደለም። ሰው ግን እያነበበ ደኅና ምግብ ስለሚጥል ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ይህ ቃል ከጁላይ 2026 ጀምሮ ከሸማች ዓይን እንዲነሣ ወስናለች።

እኛ ዘንድ የሚመጣው ጣጣ ብዙው ማሸጊያ ሁለቱን ሳይለይ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ብቻ መያዙ ነው። ስለዚህ ስኳርና ጨው ሳይቀሩ እንደ ሥጋ «ኤክስፓየር ያደርጋሉ»። የታሸገውን ምግብ ዓይነት ራሳችን ካልለየን ቁጥሩ ብቻውን አይለይልንም።

ቁጥሩን ማንበቡም ቀላል አይደለም። አንድ ማሸጊያ ላይ 05/09/2026 የሚል ቢያዩ፣ አውሮፓ የተመረተ ከሆነ ሴፕቴምበር 5 ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 2018። አሜሪካ የተመረተ ከሆነ ግን ወሩ ስለሚቀድም ሜይ 9፣ ማለትም ግንቦት 1 ይሆናል። በአንድ ቁጥር ውስጥ የአራት ወር ልዩነት ተቀምጧል። መላው አጠገቡ ያለውን የምርት ቀን ማየት ነው። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ካለ እሱ ቀን እንጂ ወር ሊሆን ስለማይችል አጻጻፉ ይታወቃል። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ማረጋገጥም አይከፋም። ተለጣፊ ወረቀት በሌላ ወረቀት ላይ የተለጠፈበት ወይም ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ዕቃ ከሆነ ግን ማስላት አያስፈልግም፤ እዚያው መተው ነው።

አሁን ወደ አፍንጫ እንምጣ። እናቴ ምግብ የምትመረምረው በማሽተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ናት። ችግሩ ምግብ የሚያበላሹት ተሕዋስያንና ሰው የሚያሳምሙት ብዙውን ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ወጥ የሚያኮመጥጡት፣ ሥጋ የሚያዝለገልጉት፣ ወተት የሚያገሙት ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ ግን ምግቡ ሽታውንም ጣዕሙንም ሳይቀይር ውስጡ ሊራቡ ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ፖሎኒ ከሚባል ለመብላት ከተዘጋጀ የቋሊማ ዓይነት በተነሣ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 1,060 ሰው ታሞ 216 ሰው ሞቷል። ሰዎቹ የገማ ሥጋ አልበሉም፤ ደኅና የሚመስል ቋሊማ ነው የበሉት። ሊስቴሪያ ከሌሎቹ የሚከፋው ፍሪጅ ውስጥ ባለው ቅዝቃዜም መራባቱ ነው። «ዩዝ ባይ» የተጻፈበት ለስላሳ አይብና ተቆራርጦ የታሸገ ሥጋ በማሽተት የማይፈረደውም ለዚህ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የሰውነቱ መከላከያ የተዳከመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ አንድ ቀን እንኳ አይታለፍም።

እንግዲህ አፍንጫ የሚጣለውን ይለያል እንጂ የሚበላውን አያረጋግጥም። ከገማ ይጣል። ካልገማ ገና ሌላ ጥያቄ አለ፦ እስካሁን እንዴት ተቀመጠ?

የላስቲኩን ወተት የደፋሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን መብራት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ጠፍቶ ነበር። ወተቱ ላይ የታተመው ቀን ከፋብሪካው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ያለማቋረጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደቆየ አድርጎ የሚያስብ ቀን ነው። አምራቹ የእኛን ሰፈር ትራንስፎርመር አያውቅም። የጫነው መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሆነ፣ ባለ ሱቁ ማታ ፍሪጁን አጥፍቶ ገብቶ እንደሆነም ቁጥሩ አይናገርም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ የሚሆን ዓይነትም አለ።

ለመብራት መጥፋት የሚያገለግል ስሌት አለ። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወተት፣ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና የተሠራ ወጥ አይታመኑም። ቤት ባልነበሩበት መብራት ጠፍቶ ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተው በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ታች ወርዶ ካገኙት በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል፣ ሥጋውም እንዲሁ ሆኗል ማለት ነው።

እናቴ «አፍልቼ እርጎ አደርገዋለሁ» ብላ ነበር። ይህን ሐሳብ ብዙ ቤት ስለምሰማው ትንሽ ልቆይበት። እርጎ የሚረጋው ጥሬ ወተት ውስጥ ባሉት ወይም በታጠነው ዕቃ ውስጥ በቀሩት የማኮምጠጫ ባክቴሪያዎች ነው፤ አሲዱን የሚሠሩትና ሌላውን ተሕዋስ የሚያባርሩት እነሱ ናቸው። በፋብሪካ በሙቀት የታከመ ወተት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። ይህ ወተት ሲሰነብት የሚወርሩት ሌሎች ናቸው፤ ውጤቱም እርጎ አይደለም፤ የተበላሸ ወተት ነው። ማፍላቱም ሁሉን አያድንም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲፈላ ይሞታል፤ ሲራባ የሠራው መርዝ ግን ሙቀት ተቋቁሞ ይቀራል።

ይኸው ነገር ለወጥም ለሩዝም ይሠራል። ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ ድስቱ ውስጥ ሲያድር ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ሊራባበትና በማሞቅ የማይጠፋ፣ የሚያስታውክ መርዝ ሊተውበት ይችላል። የበዓል ዶሮ ወጥ በየቀኑ እየተንተከተከ ሳምንት የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ነው። ጨውና ቅቤው ያግዘዋል፣ መንተክተኩም ሕያው ባክቴሪያ ይገድላል፤ ነገር ግን በየመሀሉ ለብ ብሎ በሚያድርበት ሰዓት የሚሆነውን አያስቀርም። የሚሻለው ወጡ ከወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ (በቆላ ሙቀት በአንድ ሰዓት) ጠለቅ ባላለ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪጅ ማስገባትና የሚበላውን ብቻ ማሞቅ ነው። እንዲህ የተቀመጠ ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይበላል። ከዚያ የሚተርፈውን ቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው።

ስለ እንቁላል አጭር ነገር ልበል። ውኃ ውስጥ ከትቶ የተንሳፈፈውን መጣል የቆየ ዘዴ ነው። እንቁላል ሲሰነብት ውስጡ ያለው አየር ስለሚጨምር ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ዘዴው ዕድሜውን በትክክል ይናገራል። ሳልሞኔላ ይኑርበት አይኑርበት ግን አይናገርም። ደኅና መቀቀል ነው መፍትሔው።

ፓስታው ቀላሉ ነበር። ባክቴሪያ ያለ ውኃ አይራባም፤ ደረቅ ነገር የሚቆየውም ለዚህ ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። እንጀራ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ባሕር ይሻገራል። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን፣ ቅቤ ተነጥሮ ውኃው ሲወጣ፣ ገብስ በሶ ሲሆን ያው አንድ ጥበብ ነው። ማርም ስኳሩ ውኃውን ስለሚይዝበት ለዓመታት ይቀመጣል (ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም)። ስለዚህ ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ እርጥበት ያልነካው፣ ያልነቀዘ ፓስታ ወይም ነጭ ሩዝ ቀኑ ካለፈ በኋላም ይበላል። ነቀዝ ቢገኝበት የሚያስጠላ እንጂ የሚመርዝ አይደለም፤ ነፍቶ ማዳን ይቻላል። ቅባት ያለባቸው፣ ማለትም ዘይት፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ከነገለባው የተፈጨ ዱቄት፣ ቀድመው ይበላሻሉ። የእነሱ ብልሽት ቅርናት ነው። የቆየ ዘይት ክዳኑ ሲከፈት የቀለም ወይም የአሮጌ ቅቤ ሽታ ካመጣ ይጣላል፤ እዚህ ላይ አፍንጫ ጥሩ ዳኛ ነው።

በደረቅ ምግብ ላይ እኔ የምፈራው ቀኑን ሳይሆን እርጥበቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝም የታወቀው በዚያ ነው። ይህ መርዝ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል፤ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም። ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ሳይደርቁ ከተከማቹ ይይዛቸዋል። ላም የሻገተ ፋጉሎ ስትበላም ወደ ወተቷ ያልፋል። ስለዚህ ሻጋታ የታየበትን ለውዝ መርጦ የቀረውን መብላት አይገባም። እርጥበት ገብቶት የተጓጎለና አፈር አፈር የሚሸት በርበሬም ቢሆን፣ ምንም ያህል ብር ይውጣበት፣ ወጥ ውስጥ አይገባም።

እንጀራ ላይ የሚታየውንስ? አረንጓዴውን ቦታ ቆርጦ የቀረውን መብላት የተለመደ ነው። ጠንካራ አይብ ላይ ይህ ይሠራል፤ ከሻገተው ዙሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተቆርጦ ቢጣል የቀረው ይበላል። እንጀራና ዳቦ ግን ለስላሳና ዓይናማ ስለሆኑ የምናየው አበባው ብቻ ነው፤ ሥሩ በማይታይበት ርቆ ሄዷል። የሻገተው እንጀራ ሙሉውን ይነሣል። ከበታቹ ያለው የነካው እንጀራም እንዲሁ።

ቱናው ላይ ክርክሩ ጠንክሮ ነበር። ቆርቆሮ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን አንድ የቆየ ታሪክ ያሳያል። በርትራንድ የምትባል የእንፋሎት ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1865 አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ወንዝ ላይ ሰጠመች። ከመቶ ዓመት በኋላ ተቆፍራ ስትወጣ የታሸጉ ምግቦች ተገኙባት። በ1974 ሲመረመሩ መልካቸውና ሽታቸው ጠፍቷል፣ ቪታሚናቸውም ቀንሷል፤ ባክቴሪያ ግን አልተገኘባቸውም። የቆርቆሮ ምግብ ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚበስል ውስጡ የሚራባ ነገር አይቀርም። ዕቃው እስካልተነካ ድረስ ቀኑ የሚናገረው ስለ ጣዕም ነው። የቲማቲም ድልህና አናናስ አሲዳቸው ብረቱን ስለሚበላ ከሌሎቹ ቀድመው ይለወጣሉ፤ ቱና፣ ባቄላና ሥጋ ይቆያሉ።

ቆርቆሮው ከተነካ ግን የሚመጣው አደጋ ከሁሉም የከፋ ነው። ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ይራባል፤ መርዙ ነርቭ አሽመድምዶ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ ቆርቆሮ ሲያነሡ በመጀመሪያ ክዳኑንና ታቹን በአውራ ጣት ይጫኑ። ያበጠ፣ ወይም ተጭነውት ገብቶ ተመልሶ የሚዘል ከሆነ አይክፈቱት፤ ለድመትም ለውሻም አይስጡት። ሲከፈት ፈሳሹ ከተፈናጠረም አይቀመስ፤ ይህ መርዝ በቅምሻ መጠንም ይጎዳል። ጠርዙ ወይም የመገጣጠሚያው መስመር ላይ የተጨረመተ፣ ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ጭርምት ያለው፣ ያፈሰሰ፣ ዝገቱ ሲጠረግ የማይለቅ ቆርቆሮም ይጣላል። ቀኑ ሁለት ዓመት ቢቀረውም ይጣላል። ጎኑ ላይ ያለ ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው ጭርምት፣ በጨርቅ የሚለቅ ዝገት ግን ጉዳት የለውም።

የእኛ ቱና አላበጠም፣ አልዛገም፣ ሲከፈት ሽታው የቱና ነበር። ከፓስታው ጋር ተሠርቶ ለምሳ ቀረበ። የተረፈውን ከቆርቆሮው ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠን ፍሪጅ አስገባነው፤ ቆርቆሮ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ቱና ማለት እንደ ማንኛውም የተሠራ ዓሣ ነው።

የቀረው የሕፃኑ ወተት ነው። ይህ ቀኑ ከሁሉም በላይ የሚከበርለት ምግብ ነው፤ አሜሪካ ከምግብ ሁሉ መርጣ በሕግ ቀን ያስጻፈችው ለእሱ ብቻ መሆኑም በከንቱ አይደለም። ሕፃኑ የሚበላው ሌላ የለውም። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ንጥረ ነገር ከቀነሰ የሚተካለት የለም። ስለዚህ ቀኑ ካለፈ በአንድ ቀንም ቢሆን አይሰጥም፤ ለተቸገረም አይለገስም። ከዚያም አልፎ ያ የታተመው ቀን ላልተከፈተ ቆርቆሮ ብቻ የሚሠራ ነው። አንዴ ከተከፈተ አብዛኛው አምራች የሚሰጠው ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ማንኪያ በገባ ቁጥር እርጥበትና ተሕዋስ አብሮ ይገባል። የእህቴ ቆርቆሮ የተከፈተው ለፋሲካ ነው። አምስት ወር ይቀረዋል የሚለው ቁጥር ከተከፈተ ወዲህ ትርጉም አልነበረውም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች፤ እናቴ ግን የዋጋውን ነገር አንሥታ እስከ ማታ አዘነች፤ እውነትም ውድ ነው።

የሕፃን ወተት የተከፈተ ቤትዎ ካለ አሁኑኑ ቆርቆሮውን ገልብጠው የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። የተከፈተበትን ቀን ካላስታወሱት ለሕፃኑ አይስጡት።